የጨዋታ ምርመራና የወለጋ ከተሞች፤ ስለ ቤዝ ቦል ከተጻፉት ጥናቶች ለኢትዮጵያ ተመራማሪ የሚበጀውና የማይበጀው

1. የነገሩ መነሻ

የአንድን ሕዝብ ኑሮ የሚመረምር ሊቅ እርሻውን፣ ጋብቻውን፣ ዳኝነቱንና ሥርዓተ ቀብሩን አጥብቆ ከተመለከተ በኋላ፣ ጨዋታውን ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ መጨረሻ በጥቂት ገጾች ጠቅልሎ ያልፈዋል። ጨዋታ ሥራ ሲያልቅ የሚመጣ ትርፍ ነገር ስለሚመስል፣ ስለ ሥራው፣ ስለ መሬቱና ስለ ሹመቱ የሚመሰክረው ነገር ያለ አይመስልም። ይህ አስተያየት የተሳሳተ መሆኑን በግልጥ ካሳዩት ምርመራዎች አንዱ አሜሪካኖች ቤዝ ቦል በሚሉት ጨዋታ ላይ የተደረገው ነው። በዚህ ጨዋታ አንዱ ወገን ኳስ ይወረውራል፤ የሌላው ወገን ተጫዋች ኳሷን በዱላ መትቶ ካራቀ በኋላ በተወሰኑት ማረፊያዎች ዞሮ ወደ ተነሣበት ስፍራ ለመመለስ ይሮጣል። ነገሩ ከዚህ የሰፋ አይመስልም። ይሁን እንጂ በዚህ ጨዋታ ምክንያት የኤኮኖሚ ሊቃውንት ስለ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የሕግ ሊቃውንት ስለ ውል፣ የኤትኖሎጂ ሊቃውንት ስለ ሕዝቦች ዝምድና ብዙ ጽፈዋል።

ጽሑፎቹ በሁለት መንገድ የሚሄዱ ናቸው። የፊተኛው መንገድ «ጨዋታው ከወዴት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። የኋለኛው ደግሞ «በጨዋታው የሚደክመው ማን ነው? የሚጠቀመውስ?» ይላል። በነቀምቴ፣ በግምቢ፣ በደምቢ ዶሎ ወይም በሻምቡ ተቀምጦ በአማርኛ ገና፣ በኦሮምኛ ቂሌ ስለሚባለው ጨዋታ ወይም ስለ እግር ኳስ ለመመርመር የሚነሣ ተማሪ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን መከተሉ አይቀርም። ምርጫውም ቀላል አይደለም። በአገራችን «ይህ ልማድ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ የሕዝብ ክርክር ሆኗል፤ ተመራማሪው ሳያስበው የአንዱ ወገን ጠበቃ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን መንገዶች ከነጉድለታቸው መመዘን ያስፈልጋል።

2. የኮራዶ ጂኒ አሳብ

ኮራዶ ጂኒ የታወቁ የኢጣሊያ የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበሩ። በ1912 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት የሀብት ክፍፍል መለኪያ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። እኒህ ሊቅ በ1937 ወደ ሊቢያ ሄደው በጀበል ነፉሳ ተራራ በጃዶ በሚኖሩት በርበሮች ዘንድ ቤዝ ቦልን የሚመስል ጨዋታ አገኙ። በ1939 «ሩራል ሶሲዮሎጂ» በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ ሁለት ጨዋታዎችን ገልጠዋል። አንደኛው «ኦም ኤል ማሃግ» የሚባለው፣ ቤዝ ቦልን የሚመስለው ነው። ሁለተኛው በቆልማማ ዱላ ኳስን በመሬት ላይ እየመቱ የሚሽቀዳደሙበት ነው፤ ይህም ገናን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንግዳ የማይሆንበት ዓይነት ጨዋታ ነው።

ጂኒ ያዩትን በጥንቃቄ ጽፈዋል፤ ጽሑፋቸው እስካሁን የሚነበበውም ስለዚህ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ምክንያቱን ለመስጠት ሲሞክሩ ነው። በበርበሮቹ መካከል ጠጉራቸው ነጣ ያለ ሰዎች ስላዩ፣ ጨዋታውን ያመጡት በድንጋይ ዘመን ከሰሜን አውሮፓ የፈለሱ ሕዝቦች ናቸው ብለው ገመቱ። ይህ ግምት ሦስት ትልልቅ ጉድለቶች አሉበት።

አንደኛ፣ መምሰል መዛመድ አይደለም። ዱላ የያዘ እረኛና የተድቦለቦለ ነገር በአንድ ሜዳ በተገናኙበት አገር ሁሉ አንዱ ሌላውን ሳያይ ተመሳሳይ ጨዋታ ሊፈጠር ይችላል። ዝምድናን ለማስረዳት ከመምሰል በላይ የሆነ ማስረጃ ይኸውም ጽሑፍ፣ የመሣሪያ ቅርስ ወይም ተከታትሎ የመጣ የቃል ምስክርነት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ግምቱ ጨዋታውን ከሚጫወቱት ሰዎች ወስዶ ለማይታወቁ የሰሜን አባቶች ይሰጣል። በዚያው ዘመን ሊቢያ በኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። ዑመር አል ሙኽታር የተሰቀሉት በ1931 ነው፤ በሲሬናይካ ሕዝቡ በሰፈራ እስር ቤት የታጎረውም ከ1930 እስከ 1933 ነው። ኢትዮጵያም በዚያን ጊዜ በወረራ ላይ ነበረች። የአገሬው ሰው ያለው መልካም ነገር ሁሉ ከአውሮፓ የመጣ ነው የሚለው አሳብ በእንዲህ ያለ ጊዜ ለገዢው ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሦስተኛውና ለዚህ ጽሑፍ ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት፣ ጂኒ ሊጠይቁ ይችሉ የነበረውን ትተው ማለፋቸው ነው። የሰው ልጅ ሀብት ምን ያህል እኩል እንዳልሆነ የሚለካበትን ዘዴ ያወጡ ሊቅ፣ ሜዳው የማን እንደ ነበረ፣ የጨዋታው ጊዜ ከየትኛው ሥራ እንደ ተረፈ፣ ድሃውና ባለጠጋው በአንድ ወገን ይሰለፉ እንደ ሆነ የምርመራቸው ዋና ጥያቄ አላደረጉትም። የሚያውቁትን ትልቁን ሚዛን ቤታቸው ትተው የወጡ ይመስላል።

የትውልድ ጥያቄ እንዲህ ያለ ወጥመድ መሆኑ በበርበሮች ዘንድ ብቻ የታየ አይደለም። አሜሪካኖችም ስለ ራሳቸው ጨዋታ ሲጠይቁ ወድቀውበታል። በ1905 የተቋቋመ ኮሚሲዮን ምርመራ አድርጎ፣ ቤዝ ቦልን የፈጠሩት አብነር ደብልዴይ የተባሉ የጦር መኮንን በ1839 በኩፐርስታውን ነው ሲል ደመደመ። ለዚህ የተገኘው ማስረጃ የአንድ ሽማግሌ ትዝታ ነበር። መቶኛው ዓመት ነው ተብሎ በ1939 ማለት የጂኒ ጽሑፍ በወጣበት ዓመት በዚያች ከተማ የጨዋታው ቤተ መዘክር ተመርቆ ተከፈተ። ነገር ግን የጨዋታው ስም በ1744 በለንደን በታተመ የልጆች መጽሐፍ ውስጥ እንደሚገኝ ታውቋል። ኮሚሲዮኑ ያገኘው ሊያገኝ የፈለገውን ነበር።

3. ገናና ቂሌ፤ የስም ክርክር

ይኸው ወጥመድ በኢትዮጵያ ተመራማሪ ፊትም ተዘርግቷል። የገና ጨዋታ በታኅሣሥ 29 ቀን ከሚከበረው በዓል ስሙን አግኝቷል፤ ዱላውም ራሱ ገና ይባላል፤ የሚመታው ደግሞ ጥንግ ወይም ሩር ይባላል። የበዓሉን ስም ሊቃውንት ልደት ከሚለው የግሪክኛ ቃል ጋር ያያይዙታል። ኦሮሞዎች ግን ጨዋታውን ቂሌ ይሉታል፤ ይህ ስም ከልደት ጋር የሚያገናኘው ግልጥ ነገር የለም። ከዚህ ተነሥቶ አንዱ «ጨዋታው ከክርስትና ጋር ከሰሜን የመጣ ነው» ሊል ይችላል፤ ሌላው «ከክርስትና በፊት የኦሮሞ እረኞች ጨዋታ ነበር፤ በዓሉ በኋላ ተለጠፈበት» ሊል ይችላል።

ሁለቱም ከስሙ ሊያገኙ ከሚችሉት በላይ ይወስዳሉ። የበዓል ስም የያዘ ጨዋታ መቼ እንደሚጫወቱት ይናገራል እንጂ ከየት እንደ መጣ አይናገርም። የበዓል ስም ያልያዘውም ቢሆን ስለ ዕድሜው ምስክር አይሆንም። ማርሴል ግሪዮል በ1935 ስለ ሐበሾች ጨዋታ ያሳተሙት መጽሐፍ በመሣሪያና በሥርዓት ዝርዝር እጅግ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ዝርዝሩ በአመዛኙ ከሰሜን ኢትዮጵያ የተገኘ ስለ ሆነ የወለጋን ነገር ከእርሱ መበደር አይቻልም። የካትሪን ብሮምበር የ2022 መጽሐፍ በበኩሉ ስፖርት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በትምህርት ቤት፣ በጦር ሠራዊትና በወጣቶች ማኅበር አማካይነት እንዴት የዘመናዊነት መሣሪያ እንደ ሆነ በሰነድ ያስረዳል፤ ነገር ግን የድርጅት ሰነድ ድርጅት ባለበት ስፍራ ብቻ ይገኛል፤ እረኛ ሰነድ አይጽፍም። በዝርዝሩና በሰነዱ መካከል የቀረው ባዶ ስፍራ የባላገሩ ሜዳ ነው።

የትውልድን ጥያቄ የሚያዳክም ሌላ ነገር በወለጋ ራሱ ይገኛል። አሜሪካኖች ወደ ወለጋ የመጡት ቀደም ብለው ነው። ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ በ1919 በሳዮ፣ በዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ሥራ ጀመሩ። ከ1962 ወዲህም የሰላም ጓድ መምህራን በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች፣ በነቀምቴም ጭምር አስተምረዋል። ባህል የሚሻገረው በመመሳሰል ቢሆን ኖሮ፣ ዱላና ኳስ የለመደ የወለጋ ወጣት ከሁሉ በፊት ሊቀበል የሚገባው ቤዝ ቦልን ነበር። የተቀበለው ግን ዱላ የሌለውን እግር ኳስን ነው። እግር ኳስ ለሃያ ሁለት ልጆች አንዲት ኳስ ይበቃዋል፤ እርሷም ከጠፋች ጨርቅ ጠቅልሎ መሥራት ይቻላል። ቤዝ ቦል የቆዳ ጓንት፣ የተቀረጸ ዱላና ጠንካራ ኳስ ይፈልጋል፤ የሚወዳደሩበትም ሌላ ቡድን አልነበረም። እግር ኳስ ግን ትምህርት ቤቱ፣ ጦሩና የአገሪቱ ፌዴሬሽን ከኋላው ነበሩ። ስለዚህ የጨዋታን መስፋፋት የሚወስነው የጥንት ዝምድና ሳይሆን ወጪና ድርጅት መሆኑ ይታያል። ይህም ምርመራውን ወደ ሁለተኛው መንገድ ይመራዋል።

4. የኤኮኖሚ ሊቃውንት ያገኙት

ሁለተኛውን መንገድ የከፈቱት ሳይመን ሮተንበርግ ናቸው። በ1956 «ጆርናል ኦቭ ፖለቲካል ኤኮኖሚ» በተባለው መጽሔት ስለ ቤዝ ቦል ተጫዋቾች የሥራ ገበያ ጻፉ። በዚያን ጊዜ አንድ ተጫዋች ከአንድ ክለብ ጋር ውል ከፈረመ በኋላ፣ ክለቡ ካልሸጠው ወይም ካላሰናበተው በቀር ወደ ሌላ መሄድ አይችልም ነበር። ይህ ልማድ በ1879 የተጀመረ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1922 ቤዝ ቦል በንግድ ውድድር ሕግ እንደማይያዝ ፈርዶ ነበር። የክለብ ባለቤቶች «ተጫዋቹ ነጻ ከወጣ ባለጠጎቹ ክለቦች መልካሙን ሁሉ ይወስዳሉ፤ ጨዋታውም ይሞታል» ይሉ ነበር። ሮተንበርግ ይህን ምክንያት አፈረሱት። ተጫዋቹ ቢታሰርም ባይታሰርም የሚደርሰው የበለጠ ጥቅም ወደሚሰጥበት ክለብ ነው፤ ታስሮ እንደ ሆነ ክለቡ ይሸጠዋል፤ ነጻ እንደ ሆነ ራሱ ይሄዳል። የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገንዘቡ በማን ኪስ እንደሚገባ።

የዚህ አሳብ ክብደት በኋላ በሥራ ታየ። ከርት ፍለድ የተባለው ተጫዋች በ1969 ሳይጠየቅ ወደ ሌላ ከተማ ክለብ ቢዛወር እምቢ አለ፤ ክርክሩም ሰው እንደ ዕቃ አይለወጥም የሚል ነበር። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደበት። ጄራልድ ስከሊ በ1974 ባወጡት ጥናት ተጫዋቾች ለክለባቸው ከሚያስገኙት ገንዘብ እጅግ ያነሰ እንደሚከፈላቸው በቁጥር አስረዱ። በ1975 መጨረሻ በሽማግሌ ዳኝነት ማሠሪያው ተፈታ። በዚያ ዓመት የአንድ ተጫዋች አማካይ የዓመት ደመወዝ ወደ 45,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ1980 ከ140,000 ዶላር በላይ ሆነ። ጨዋታው አልሞተም።

ከሮተንበርግ ቀጥሎ ዋልተር ኒል በ1964 ያቀረቡት አሳብ ለኤትኖሎጂ ተመራማሪ ይበልጥ የሚጠቅም ነው። ነጋዴ ተወዳዳሪው ቢከስርለት ይደሰታል፤ የጨዋታ ሰው ግን ተወዳዳሪው ቢጠፋ እርሱም ይጠፋል። ኒል ለዚህ የጠቀሱት የቦክስ ጀግናውን ጆ ሉዊስን ነው፤ ማክስ ሽመሊንግ የሚባል ብርቱ ባላጋራ ባይኖር የሉዊስ ጡጫ ገንዘብ አያወጣም ነበር። እንግዲህ ግጥሚያ ሁለቱ ባላጋሮች በአንድነት የሚያመርቱት ዕቃ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህም መንገድ ጉድለት ሊሸሸግ አይገባም። የኤኮኖሚ ሊቃውንቱ የሚመለከቱት የተከፈለውን ገንዘብ ነው። ደመወዝ በሌለበት፣ ትኬት በማይሸጥበት፣ ሜዳው በማይከራይበት አገር ሚዛናቸው ምንም አያነሣም፤ ያን ጊዜም «እዚህ ኤኮኖሚ የለም፤ ጨዋታ ብቻ ነው» ወደሚል ስሕተት ይመራል። ቁጥሩም ሰውየውን ይሰውረዋል፤ ስከሊ የፍለድን ዋጋ ሊያሰሉ ይችላሉ፤ እምቢ ያለበትን ምክንያት ግን ስሌቱ አይነግርም።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የሞከረው የአለን ክላይን የ1991 መጽሐፍ ነው። ክላይን በዶሚኒካን ሪፑብሊክ ቤዝ ቦልን ከሸንኮራ አገዳ ጋር አያይዘው መረመሩ። የስኳር ፋብሪካዎች በሠፈሩባቸው ከተሞች ሠራተኞቹ ቡድን አቋቋሙ፤ አገዳ በማይቆረጥበት ወራት ሥራ ይቆማል፤ ጨዋታው ግን አይቆምም። ከጊዜ በኋላ የአሜሪካ ክለቦች በዚያ የማሠልጠኛ ስፍራ ከፍተው ልጆችን በርካሽ ይመለምሉ ጀመር። ስለዚህ ጨዋታው ለሕዝቡ መኩሪያም ነው፤ ለባዕድ ባለሀብት የጥሬ ዕቃ ማውጫም ነው። የክላይን ብልሃት ይህን ሁለት ፊት ሳይከፍሉ በአንድነት ማየታቸው ነው።

5. ሜዳው፣ ጊዜውና ባላጋራው

የሁለቱ መንገዶች ሚዛን ከታወቀ በኋላ በወለጋ ምን ሊጠየቅ እንደሚገባ መናገር ይቻላል። ገንዘብ በማይከፈልበት ጨዋታ ውስጥም የኤኮኖሚ ነገር በሦስት ስፍራ ይገኛል።

የመጀመሪያው ሜዳው ነው። የገና ጨዋታ በጥንት ልማዱ የተሰመረ ድንበር የለውም፤ አንዱ መንደር ጥንጊቱን ወደ ሌላው መንደር ለማድረስ ይታገላል፤ የተጫዋቹም ቁጥር አይወሰንም። ይህ ሊሆን የሚችለው አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የግጦሽ ሣርና የታጨደ ማሳ ለሁሉ ክፍት በሆነበት አገር ነው። ስለዚህ የጨዋታው ደንብ ራሱ ስለ መሬት ሥርዓት ይመሰክራል። መሬቱ ሲታጠር ደንቡ ይለወጣል። በነቀምቴና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች የመሬቱ ነገር ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በ1975 የገጠሩም የከተማውም መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ ከ1993 ወዲህ ደግሞ የከተማ ቦታ በሊዝ የሚሰጥ ዋጋ ያለው ነገር ሆነ። በሊዝ ሊሸጥ በሚችል ቦታ ላይ የሚጫወት ልጅ፣ ሳያውቀው በውድ ዕቃ ላይ ቆሟል። የትኛው ሜዳ መቼ ታጠረ፣ በማን ትእዛዝ፣ ምን ተሠራበት፣ ልጆቹስ ወዴት ሄዱ የሚለውን መዝግቦ መያዝ ከማንኛውም የትውልድ ክርክር ይበልጥ የሚጠቅም ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። የነቀምቴው ገዥ የደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ የደብዳቤዎች መዝገብ፣ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ተኣ በ2004 አዘጋጅተው ባሳተሙት መጽሐፍ ለተመራማሪ ቀርቧል። በእነዚያ ደብዳቤዎች የሚነበበው የግብር፣ የወርቅ፣ የንግድና የዳኝነት ነገር ነው። ጨዋታን የሚመረምር ተማሪ «ይህ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» ሊል ይችላል፤ ግን እጅግ ያስፈልገዋል። ከባላገሩ ጉልበት ስንት ቀን ለጌታው እንደሚውል ሳይታወቅ፣ ስንት ቀን ለጨዋታ እንደሚተርፍ ሊታወቅ አይችልም። በምዕራብ ወለጋና በቄለም የቡና ለቀማ የሚደረገው የእህሉ አጨዳ በሚደርስበት በዚያው የበጋ መግቢያ ነው። እህል ብቻ የሚያርስ ቤትና ቡና ያለው ቤት በታኅሣሥ መጨረሻ እኩል ዕረፍት አላቸውን? የቡና ለቀማ የሴቶችና የልጆችን እጅ የሚጠይቅ እንደ መሆኑ፣ በሜዳው ላይ የወንዶች ልጆች መብዛት የማንን ድካም ይሸሽጋል? ይህ ሁሉ ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

ከጊዜው ጋር የሹመት ነገር ይያያዛል። በገና ዕለት ጌታ በሎሌው ቃል እንደማይቆጣ፣ አሸናፊውም ተሸናፊውን በግጥም ቢዘልፈው እንደማያስወቅሰው በአገሩ የታወቀ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን አይተው «ጨዋታው ታላቅና ታናሽን እኩል ያደርጋል» ይላሉ። ይህ ግን ነገሩን ከግማሹ መመልከት ነው። አለመቆጣት ስጦታ የሚሆነው ሊቆጣ ለሚችል ሰው ነው። አንድ ቀን የሚሰጥ ፈቃድ፣ በቀሩት ቀኖች ፈቃዱ የማን እንደ ሆነ ያሳውቃል። ስለዚህ ተመራማሪው በዕለቱ ምን እንደ ተባለ ብቻ ሳይሆን በማግሥቱ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው ባላጋራው ነው። በዚህ ላይ የኒል አሳብ ከአሜሪካ ስታዲየም ይልቅ በወለጋ ሜዳ ይበልጥ ያበራል። አንዱ መንደር ቂሌ ሊጫወት የሚችለው ወደ ሜዳው ሊመጣ የሚደፍር ሌላ መንደር ሲኖር ነው። ዱላ የያዙ ሁለት መቶ ወጣቶች ፊት ለፊት ቆመው ደም ሳይፋሰሱ ወደ ቤታቸው መመለሳቸው፣ ከጨዋታው በፊት በሁለቱ መንደሮች መካከል ውል እንደ ነበረ ያመለክታል፤ የሚቀጣ ሽማግሌ፣ የሚያስታርቅ ዘመድ፣ በአንድ ገበያ የመገናኘት ግዴታ አለ ማለት ነው። ጨዋታው የዚህ ሰላም ውጤት ነው፤ መልሶም ሰላሙን ያጸናዋል። ከ2018 ወዲህ በወለጋ በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ከቀዬው መፈናቀሉ የታወቀ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የግጥሚያ መቅረት እንደ ትንሽ ነገር ሊታይ አይገባም፤ ባላጋራ የሚሆን ጎረቤት መጥፋቱን የሚያሳይ ምልክት ነውና። የግጥሚያው እንደገና መጀመርም ከብዙ መግለጫ የበለጠ ማስረጃ ይሆናል።

6. የከተማ ክለብና የሕዝብ ገንዘብ

ከገና ሜዳ ወደ ከተማው ስታዲየም ሲመጣ የሮተንበርግ ጥያቄ በሙሉ ኃይሉ ይነሣል። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1943 ከተቋቋመ ወዲህ ክለቦች በአመዛኙ የቆሙት በፋብሪካ፣ በጦር ክፍልና በመንግሥት ድርጅት ትከሻ ላይ ነው። በ1960ዎቹ የአገሪቱ ሻምፒዮን የነበረው የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ በኋላም የወንጂና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ክለቦች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በ1990ዎቹ መጨረሻ ማምረት ሲጀምር፣ ክላይን በዶሚኒካን ያዩት ዓይነት የአገዳ ሠፈር በወለጋም ተፈጠረ። በአገዳ ሠፈር የሚኖር ሠራተኛ ከየት መጣ፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወራት ምን ያደርጋል፣ ልጁ ኳስ የሚጫወተው በማን ሜዳ ነው የሚለውን ከዶሚኒካኑ ጋር አነጻጽሮ መመርመር፣ ሩቅ ካለ የድንጋይ ዘመን ይልቅ ፍሬ የሚሰጥ ንጽጽር ነው።

ዛሬ በአገሪቱ የክለቦችን ወጪ በብዛት የሚሸከመው የከተማ አስተዳደር ነው። በከፍተኛ ሊግ ሲወዳደር የታየው የነቀምቴ ከተማ ክለብም ስሙ እንደሚያመለክተው የከተማው ነው። በ2019 ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ለዚህ የቀረበው ምክንያት የአሜሪካ የክለብ ባለቤቶች ያቀርቡት ከነበረው ብዙ አይርቅም፤ ወጪው በዚህ ከቀጠለ ክለቦች ይጠፋሉ የሚል ነው። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ አሜሪካዊው ተጫዋች የተነፈገው ገንዘብ ወደ ግል ባለቤት ኪስ ይገባ ነበር፤ በኢትዮጵያ ግን ከፋዩም ተራፊውም በአመዛኙ የሕዝብ ግምጃ ቤት ነው። ስለዚህ «ተጫዋቹ ብዙ ይከፈለዋል ወይስ ጥቂት?» የሚለው ክርክር ብቻውን የጎደለ ነው። ከደመወዝ የተረፈው ብር የልጆች ሜዳ ሆነን? ወይስ ሌላ ወጪ ዋጠው? ውሳኔውስ በተግባር ምን ያህል ተጠበቀ? ለአሥራ አንድ ሰው ደመወዝ የሚከፍል ከተማ፣ ለአሥር ሺህ ልጅ የሚሆን ሜዳ በሊዝ ከሰጠ፣ ስፖርትን አሳደገ ወይስ አቀጨጨ? ይህን ለመመለስ የከተማውን በጀትና የቦታ መዝገብ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማንበብ ያስፈልጋል።

7. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተባለው በአጭሩ ይህ ነው። የጂኒ መንገድ ተጫዋቹን ትቶ አባቶቹን ፍለጋ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ያገኘው ራሱ ይዞት የሄደውን ነው። የሮተንበርግ መንገድ ገንዘቡን እስከ መጨረሻው ይከተላል፤ ገንዘብ በሌለበት ግን ይቆማል። ለወለጋ የሚበጀው የሮተንበርግን ጥያቄ ይዞ ገንዘብ ወደሌለበት ሜዳ መግባት ነው፤ ይኸውም በደመወዝ ፈንታ ጊዜን፣ በትኬት ፈንታ ሜዳን፣ በሊግ ፈንታ የጎረቤት ውልን መመዘን ነው።

ይህ ሥራ ከሩቅ የሚመጣ ሊቅ አያስፈልገውም። በ2007 ማስተማር የጀመረው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በነቀምቴ ይገኛል፤ ተማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም የሚያውቁ ናቸው፤ ሜዳዎቹም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። የሚያስቸኩለው የምስክሮቹ ዕድሜ ነው። ከ1975ቱ አዋጅ በፊት በክፍት ማሳ ላይ ቂሌ የመቱ ወጣቶች ዛሬ ሽማግሌዎች ሆነዋል። እነርሱ ሲጠየቁ «ጨዋታው የማን ነው?» ተብለው ከሆነ፣ እያንዳንዱ «የእኛ ነው» ይላል፤ ምርመራውም በዚያው ያልቃል። «ሜዳው የማን ነበር? ያን ቀን ከብቱን ማን ጠበቀ? በማግሥቱስ ጌታችሁ ምን አለ?» ተብለው ከሆነ ግን፣ የአንድ አገር የመሬት፣ የጉልበትና የጉርብትና ታሪክ በጥንጊቱ ዱካ ተከትሎ ይወጣል።